ጋሼ፣ ልጅዎን አይከልክሏት፦ “ጫካ ተምሮ የት ይደረሳል?” ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን “ጫካ ተምሮ የት ይደረሳል?” የሚል ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። አባት መሆናቸውን ግን ነግረውናል። ልጃቸው ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልትሞላ ነው። ደን ወይም የዱር እንስሳት ካልተማርኩ ብላለች። እሳቸው ደግሞ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብለዋታል። ከዚያ ምክንያታቸውን ደርድረው ለሌሎች ወላጆችም ምክር አድርገው አቀረቡት።

ምክንያቶቻቸው ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ሥራ የለም። ዛፍ መትከል ገበሬውም ያውቀዋል፤ ዲግሪ አያስፈልገውም። የዱር እንስሳ ነገር የፈረንጅ ጉዳይ ነው። በረሃ ለበረሃ መንከራተት ለሴት ልጅ አይሆንም፣ አደጋም አለው። በመጨረሻም፣ ከዚህ በኋላ ሥራውን ሳተላይትና ድሮን ይሠሩታል።

ስማቸውን ስለማላውቅ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔም ደን ተምሬ በዚያው የምተዳደር ሰው ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም። በየተራ ልመልስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥራው ልጀምር። ጋሼ፣ እዚህ ላይ እውነት አለዎት፤ ግን ግማሹን ነው። የጎረቤትዎ ልጅ በተፈጥሮ ሀብት ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል ብለዋል። አልጠራጠርም። እኔም እንዲህ ያሉ ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን እዚያው ባጃጅ ተራ ወርደው ሾፌሮቹን ቢያናግሩ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ያገኛሉ። የአካውንቲንግም አይጠፋም። ባጃጁን ማስረጃ ካደረግነው የትኛውም ትምህርት ክፍል አይተርፍም።

የደን ምሩቅን ለብቻው የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ብዙው ተማሪ ፈልጎ አይገባበትም። ምህንድስና ወይም ጤና ሞልቶ ሳይደርሰው ሲቀር ይመደብበታል። ሳይወደው ተምሮ ሳይወደው ይመረቃል። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የሚታየው አንድ በር ብቻ ነው፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት። እዚያም ቢገባ የደን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ሲተርፈው ነው። አንድ የክፍሌ ልጅ የደን ባለሙያ ተብሎ ተቀጥሮ ዓመቱን የጨረሰው የማዳበሪያ ዕዳ ሲያስከፍልና የችግኝ ቁጥር ሲሰበስብ ነው። ስንት ተተከለ የሚለውን በየሳምንቱ ይጠየቃል። ስንት ጸደቀ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም። እርስዎን እንዳናደደዎት እኔንም ያናድደኛል። ታዲያ ጥፋቱ የቀጣሪው ነው እንጂ የትምህርቱ አይደለም።

ከወረዳው በር ውጭስ ምን አለ? ቡናን ይውሰዱ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያዬ አይገባም አለ። ላኪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ ማሳየት አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያው ጭምር ተለክቶ ይቀርባል። አፈጻጸሙ ሲራዘም ቢቆይም ላኪዎችና ዩኒየኖች ከወዲሁ ሲሯሯጡ ነው የከረሙት። የእኛ ቡና አብዛኛው የአነስተኛ ገበሬ ነው። ካፋና ሸካ፣ ጂማና ኢሉባቦር ቢሄዱ ቡናው ያለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ይሄ ማሳ ደን ነው ወይስ እርሻ? ጥላው ሳስቷል ወይስ እንዳለ ነው? ጂፒኤስ ይዞ፣ ከገበሬው ጋር ማሳው ውስጥ ገብቶ ይህን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ልጅዎ አካውንቲንግ ብትማር ይህን ሥራ አትሠራውም።

ካርቦንም አለ፤ ዛፍ ከአየር ስቦ ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈለውን ገንዘብ ማለቴ ነው። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ቦታ አለ። ተራራው ተራቁቶ ነበር። ኗሪው በማኅበር ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ከለለ። አብዛኛው ዛፍ አዲስ የተተከለ አይደለም፤ ከቀረው ጉቶና ሥር ያቆጠቆጠ ነው። በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ለዚያ ክፍያ አገኙ። ባሌ ላይም በሰፊው ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

እዚህ ሥራ ላይ ገንዘቡ የሚከፈለው በልኬት ነው። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ተዳፋት ከሆነ ከላይ በኩል ቆመው ይለካሉ። ግንዱ ታች ተንዠርጎ ሥሩ እንደ ግድግዳ የቆመ ከሆነ ከሥሩ በላይ ወጥተው ይለካሉ። ሜትሩ ከተጣመመ፣ ሐረግ ከሥሩ ከገባ፣ ቁጥሩ ይሳሳታል። ውፍረቱን በአሥር በመቶ አስበልጠው ቢጽፉ የዛፉ ክብደት በስሌቱ ከ20 በመቶ በላይ ያብጣል። ያ ስህተት በሺህ ዛፍ ሲባዛ ገበሬው ያልያዘውን ካርቦን ሸጠ ማለት ነው። መርማሪ ሲመጣ ይጋለጣል፤ ገንዘቡም ይቆማል። ለዚህ ነው ደህና ለኪ የሚፈለገው። ደህና ለኪ ደግሞ ብዙ የለም።

ሌላውን ላፍጥነው። አገሩ ውስጥ ያለውን የቤት ዕቃ ቤት ሁሉ ገብተው ይዩ፤ ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ብዙው ከውጭ የመጣ ነው። ጣውላ የሚያመርት ሰው ገበያ አያጣም። አዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ችግኝና ሣር አፍልተው የሚሸጡ ሰዎች ምን ያህል እንደተፈለጉ መንገድ ዳር ቆመን አይተናል። የ2018ቱ የደን አዋጅም የግልን፣ የማኅበርንና የማኅበረሰብን ደን በሕግ አውቋል። ይሄ ሁሉ ሥራ የደመወዝ ወረቀት ይዞ ደጅ አይመጣም፤ እሱን አልደብቅም። መንግሥት ይቀጥረኛል ብሎ ለሚጠብቅ ልጅ የእርስዎ ምክር ልክ ነው።

ሁለተኛው ነጥብዎ ነው ይበልጥ የከነከነኝ። ዛፍ መትከል ገበሬው ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል ይላሉ።

ገበሬው ያውቃል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ አገር ምድሩን ያለበሰው ገበሬው ነው። አጣናው፣ ማገሩ፣ ማገዶው ከሱ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው አልጠበቀም። እስከዚህ ተስማምተናል።

አሁን ደግሞ የአገር ጥድ እናፍላ። የጥድ ዘር ብዙው ውስጡ ባዶ ነው። ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ግን ባዶው ይንሳፈፋል፣ ፍሬ ያለው ይሰምጣል። ይህን የማያውቅ ችግኝ ጣቢያ መደቡን ሙሉ ዘርቶ እዚህም እዚያም የበቀለች ነገር ሲለቅም ይከርማል። የወይራ ፍሬ ደግሞ ልባሱ እንደ ድንጋይ ነው። በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀለት ለመብቀል ወራት ይፈጃል። ጥቁር እንጨት ጠባዩ ሌላ ነው። ዘሩ መቀመጥ አይወድም፤ ተለቅሞ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ስለዚህ የሦስቱን ዘር በአንድ ጆንያ ሰብስቦ በአንድ ቀን የሚዘራ ሰው ቢያንስ ሁለቱን አበላሽቷል።

ችግኝ ጣቢያዎቻችን በግራቪሊያና በባሕር ዛፍ የሚሞሉት ለምን ይመስልዎታል? ይቀላሉ። አገር በቀል ዛፍ ይተከል የሚል መመሪያ በየክረምቱ ይወርዳል፤ ችግኙ ግን ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ረጅም ዘመን የደከሙበት ጥያቄ ይሄው ነው፤ ዝግባንና ወይራን፣ ጥድንና ሌሎቹን አገር በቀል ዛፎች እንዴት እናራባ የሚል። ከአባት የሚወረስ ዕውቀት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ዕድሜውን አይሰጠውም ነበር።

ከተተከለስ በኋላ? በ2019 ሐምሌ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ቁጥሩን ለቁጥር ሰዎች ልተወው። እኔ የምጠይቀው የትኛው ችግኝ የትኛው አፈር ላይ ተተከለ የሚለውን ነው። ቆላ የሚወደውን ደጋ፣ ጥላ የሚፈልገውን ገላጣ ላይ ከተከሉት የሕዝቡ ጉልበት ባከነ። ለዘመቻ ሰው ሞልቷል። ከዘመቻው በፊት ካርታና ዘር ይዞ የሚቀመጥ፣ ከዘመቻው በኋላ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው።

እስቲ ወደ አዊ እንሂድ። ፋግታ ለኮማ የሚኖር ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘመድ በጣም ነው የሚያውቀው። አሲዳማ በሆነ፣ በደከመ መሬቱ ላይ ይተክለዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል። በአራት አምስት ዓመት ዛፉ ይደርሳል፣ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል። መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ዛፉ አፈሩን ያለመልማል፤ ከሰሉ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል። ወረዳው አረንጓዴ ለበሰ። ፕሮጀክት አስተምሮት ሳይሆን ገበሬው አስቦት ነው። ጋሼ፣ ይሄን ምሳሌ ቢያገኙት ይወዱት ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ገባበት። ቅርንጫፉ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት የተከለው ያንኑ አንድ ዛፍ ነው፤ በሽታው የሚያቆመው ነገር አጣ። ገበሬው በሽታውን ያያል፤ የሚያደርገው ግን የለውም። ያልደረሰውን ዛፍ ከመበላሸቱ በፊት ቆርጦ በርካሽ ያከስላል። ዘሩን በሽታ ከሚቋቋም ዛፍ መርጦ የሚያመጣ፣ ምን ቢቀላቀልበት ይሻላል የሚለውን ሞክሮ የሚያሳይ የደን በሽታ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በዚህ አገር ስንት ነው? የሰው ሐኪም፣ የከብት ሐኪም እንላለን። የዛፍ ሐኪም ሲባል ግን ሰው ይስቃል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖችም አንድ ነገር ልበል። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ሲያዩት እርሻ ብቻ ነው። ደብሩ ጋር ሲደርሱ ጫካ አለ። ካህናቱና ምዕመኑ ለዘመናት የጠበቁት ነው፤ ማንም ዲግሪ አላሳያቸውም። ግን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ገብተው ሲያጠኑ አንድ ነገር አገኙ። ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፤ ልጆቻቸው የሉም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ከብት ይገባና ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ደኑ የቆመ ይመስላል እንጂ ተተኪ የለውም። መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆነ። ድንጋዩን ገበሬው ከገዛ ማሳው ለቅሞ አመጣ። ማሳውም ጸዳለት፣ ደኑም ታጠረ። ካህናቱ ጠባቂ ናቸው፤ ችግኝ ቆጥሮ ይሄ ደን እያረጀ ነው ያላቸው ግን የተማረ ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሥራው የተሠራው። እርስዎ አንዱ ከበቃ ሌላው ምን ያደርጋል ይላሉ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የዱር እንስሳ የፈረንጅ ጉዳይ ነው የሚለው። ይሄ ከሜዳ የመጣ ስሜት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሰሜን ተራሮች ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን፣ ማለትም የፓርኩ ኃላፊ፣ የዌልስ ሰው ነበር። ፓርክ የሚባለው ነገር ከላይ ወርዶ ድንበር ሲሰመርበት እዚያ የኖረው ሰው ሰርጎ ገብ ተባለ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነስተው ደባርቅ ገብተዋል። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ለፓርኩ ጥሩ ዜና ነው። አያቶቹ ግጭ ላይ ለኖሩት ሰው ግን ዜናው ሌላ ነው፤ ያንን የሚንቅ ባለሙያ ካገኘሁ እኔም ከእርስዎ ጎን ነኝ።

ግን ይሄ ልጆቻችን አይማሩ ለማለት ነው ወይስ ይማሩ ለማለት ምክንያት የሚሆነው? ድንበሩን ማን ያስምር፣ ሰው ይነሳ አይነሳ የሚለውን ማን ያጥና? ባለሙያ ከሌለን ባለሙያ ይላክልናል። ያኔ ደግሞ እንደገና ፈረንጅ መጣ እንላለን።

የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ይህ በደንብ ገብቷቸው ነበር። እሳቸው እንስሳ ወዳድ አልነበሩም፤ ዕረፍቴን አዞ ሳይ ማሳለፍ አልፈልግም እስከማለት ደርሰዋል። ነገር ግን የዱር እንስሳ ለአገራቸው ትልቅ ገቢ እንደሚሆን አዩ። በ1961 በአሩሻ በወጣው መግለጫ የአፍሪካን የዱር እንስሳት ለመጠበቅ የሠለጠነ ሰውና ገንዘብ ያስፈልጋል አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኪሊማንጃሮ ግርጌ የምዌካ ኮሌጅ ተከፈተ። የእኛም የቀድሞ ዋርደኖች በርካቶቹ እዚያ ሠልጥነዋል። በ1970 ካሜሩን ጋሩዋ ላይ ፈረንሳይኛ ለሚናገሩት አገሮች ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። እኛ ጋ የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት በ1978 በስዊድን ድጋፍ ተከፈተ፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። አፍሪካውያን ይሄን ትምህርት ወደ አገራቸው ያስገቡት ለጌጥ አይደለም። ሌላ ሰው እንዳይሠራላቸው ነው።

ደግሞስ ጥበቃን ከፈረንጅ ነው የተማርነው ያለው ማነው? መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ቀሮ ይሉታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት አይገባም፣ አጨዳ የለም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና እንደየድርሻው ይታጨዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት። አሜሪካኖቹ የሎውስቶንን ፓርክ ያሉት በ1872 ነው። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መልሶ ያዘው። ይህን ሥርዓት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ለዶክትሬታቸው አጥንተው ለዓለም አስረድተዋል። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ሳይንቅ፣ ቀይ ቀበሮውንም ሳይረሳ ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ባይማር ኖሮ ጓሳ የሚባለውን ነገር ከመንዝ ውጭ ማን ይሰማው ነበር?

ቀይ ቀበሮ ለእኛ ምን ይሠራልናል ብለውም ጠይቀዋል። በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም። ሁሉም ያሉት እኛ ጋ ነው፤ ብዙዎቹም ባሌ። ዋነኛ ገዳያቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው የሚመጣው ከእረኛው ውሻ ነው። በ2003 እና በ2004 ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨረሰ። አሁን ሥራው እንዲህ ነው። በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ ይከትባሉ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለራሱ ለቀበሮው በፍየል ሥጋ ውስጥ ክትባት ከትተው ያስቀምጡለታል። ሥጋውን ሲነክስ ይከተባል።

እስቲ ያስቡት። የተከተበው ውሻ የሚያድረው ከማን ጋር ነው? ከእረኛው ልጅ ጋር። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ለቀበሮ ተብሎ የተጀመረው ክትባት የልጁንም ነፍስ ይጠብቃል። ከዚያው ተራራ ዌብና ገናሌ ይወርዳሉ፤ ታች ቆላው የሚጠጣው ያንን ነው። በ2023 ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቱሪስቱ ካሜራ ብቻ አልታየውም።

የእጣኑን ጉዳይ እዚሁ ላይ ላንሳው። እርስዎ ስለ ፈረንጅ ሲያወሩ የቤተ ክርስቲያኑ ጽና ትዝ አለኝ። መተማና ቋራ፣ ትግራይ ቆላው ላይ ያለው የእጣን ዛፍ እያረጀ ነው። በ2019 የወጣ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ወጣት ዛፍ የለም። እሳትና ከብት ይበላዋል፤ ትልቁ ደግሞ በላይ በላዩ እየተፋቀ ይደክማል። አንድ ዛፍ ስንት ቦታ ይፋቅ፣ ስንት ዓመት ይረፍ የሚለው የምርምር ጥያቄ ነው። ይሄም የፈረንጅ ነው?

አራተኛው። ሴት ልጅና በረሃ።

በማለዳ እንጦጦን ወጥተው ያውቃሉ? ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ የሚወርዱት እነማን ናቸው? እናቶችና ልጃገረዶች። ሸክም ሲሆን ጫካ ለሴት አይሆንም ያለ ሰው አልሰማሁም። ቢኖኩላርና ደብተር ይዛ ስትገባ ነው ክልክል የሚሆነው። ዋንጋሪ ማታይ ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶን እንቅስቃሴ በ1977 ስትጀምር ከገጠር ሴቶች ጋር ነው የጀመረችው፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። ደቡብ አፍሪካ ከ2013 ጀምሮ፣ ዚምባብዌ ከ2017 ጀምሮ ሕገ ወጥ አዳኝን የሚከላከሉ የሴት ጠባቂዎች ቡድን አላቸው። ልጅዎ እዚያ ድረስ ባትሄድም መንገዱ ተጠርጓል።

አደጋው ግን እውነት ነው። እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ስካውቶቻችን፣ የፓርክ ጠባቂዎቹ፣ ሥራ ላይ ሞተዋል። ጦርነትና ግጭት ባለበት ፓርክ ውስጥ በማይረባ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ያለ ደህና ጫማ የሚያድሩት እነሱ ናቸው። አባት ይህን አይቶ ቢፈራ አልፈርድበትም። ለስካውት መድኅንና ደህና ደመወዝ ይሁን ብለው ቢጽፉ እኔም ከሥሩ እፈርም ነበር። ሁሉም የደን ሥራ ግን ጠመንጃ ትከሻ ላይ አይደለም። ዘር ቤተ ሙከራ አለ፣ ካርታ ክፍል አለ፣ ችግኝ ጣቢያ አለ፣ የቡና ዩኒየን ቢሮ አለ።

ድሮኑን በአጭሩ ልጨርሰው። ሳተላይት ከላይ አረንጓዴ ያያል። ከዛፉ ሥር ቡና መተከሉን፣ ከቡናው ሥር ደግሞ አንድም የዛፍ ችግኝ አለመኖሩን አያይም። የኢትዮጵያ ደን ተብሎ የሚቆጠረው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ነው። በዚህ መለኪያ የቤንሻንጉል ቁጥቋጦማ ጫካም ደን ይሆናል፣ የባሕር ዛፍ ማሳም ደን ይሆናል። ከላይ የመጣውን ምስል ይዞ መሬት ላይ ወርዶ ይሄ ጥድ ነው፣ ይሄ ባሕር ዛፍ ነው የሚል ሰው ከሌለ ካርታው ቀለም ብቻ ነው። ድሮን የገዙ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዛፍ የሚለይ ሰው ነው። ዋልያም እንዲሁ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ በጠዋት ቆሞ፣ በቢኖኩላር ወንዱን ከሴቱ፣ ግልገሉን ከትልቁ የሚለይ ዓይን ይፈልጋል።

ይልቅ ልጅዎ በእውነት ከፈለገች በዚህ ወር የምታደርገው ነገር አለ። መጀመሪያ ምርጫዋን ከላይ ትሙላው። ሌላው ሳይደርስ ሲቀር የሚገባበት ትምህርት አድርጋ ከታች አታስቀምጠው። ስታቲስቲክስን አትፍራ፤ በደን ትምህርት ውስጥ ተማሪን የሚጥለው እሱ ነው፣ ሥራ የሚያስገኘውም እሱ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ክረምቱን ትለማመደው። አፋን ኦሮሞ ካልቻለች ትጀምር፤ ባሌም ኢሉባቦርም ገበሬውን በአስተርጓሚ ማናገር ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። አቅራቢያዋ ያለ ችግኝ ጣቢያ ሄዳ ለሁለት ሳምንት በነፃ ልሥራ ትበል። አፈር ነክቶ፣ ፖሊቲን ሞልቶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ካልሰለቻት ጥሩ ምልክት ነው። ከሰለቻት ደግሞ እርስዎ ሳይከለክሏት ራሷ ሐሳቧን ትቀይራለች። ያኔ አካውንቲንግ ብትገባ እኔ ቅር አይለኝም።